በአንድ ቃል የመዘንኩት መዝገበ ቃላት

ባለፈው ዓመት 650 ብር ከፍዬ ያገለገለ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ ነው። አንድም የአማርኛ ቃል የለበትም። ዓመት ሙሉ ከእጄ ስላልወጣ ስለ እሱ ለመናገር የበቃሁ ይመስለኛል። መላ መጽሐፉን ግን አልገመግምም። በአንድ ቃል ብቻ ነው የምመዝነው። ቃሉ «ፕሬይዝ» ነው። መጽሐፉን ያስገዛኝም እሱው ነው።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንዲት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። ሪሴፕሽን ላይ ነኝ። አሥራ አራት ክፍሎች አሉን። ጠረጴዛዬ ላይ እንግዶች ሲሄዱ አስተያየት የሚጽፉበት ትልቅ ደብተር አለ። እሱን በየሳምንቱ አንብቤ ለአለቃችን በአማርኛ መንገር የእኔ ሥራ ነው።

አንድ ጊዜ ጠና ያሉ እንግሊዛዊት ዘጠኝ ሌሊት አርፈው ሄዱ። ደብተሩ ላይ ግማሽ ገጽ ጽፈዋል። ስለ ቁርሱ አለ። ስለ ግቢው ዛፍ አለ። ሙቅ ውሃው ጠዋት ጠዋት እንደሚዘገይ አለ። ከዚያ አንድ መስመር መጣ። «አይ ሃቭ ናቲንግ በት ፕሬይዝ» ብሎ ይጀምርና ክፍላቸውን ስላጸዱት ሴቶች ይቀጥላል።

እንግሊዝኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከእንግዳ ጋር ለመግባባት አያንሰኝም። ይቺ መስመር ግን ያዘችኝ። ስልኬ ላይ ኢንተርኔት ሳያስፈልገው የሚሠራ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ነበረኝ። ቃላቱን አንድ በአንድ አስገባሁ። «ናቲንግ» ለሚለው «ምንም» አለኝ። «በት» ለሚለው «ግን»። «ፕሬይዝ» ለሚለው «ምስጋና፣ ማመስገን»። ሦስቱን ገጣጠምኳቸው። ምንም፣ ግን፣ ምስጋና። ሴትየዋ ለጽዳቶቹ ምንም ምስጋና የለኝም ያሉ መሰለኝ። ከላይ ስለ ሙቅ ውሃው ቅር መሰኘታቸውን አንብቤ ስለነበር ይሄኛውም የዚያው ቀጣይ ሆኖ ታየኝ።

ለአለቃችን እንደዚያው ነገርኩት።

የጽዳት ክፍሉን የሚመሩት ሴት ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ። እትዬ ነው የምንላቸው። አለቃችን ጠራቸው። ሰው ፊት ነው የተናገራቸው። እትዬ አልተከራከሩም። «ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ሲሄዱ እኮ በሁለት እጃቸው ነው የጨበጡኝ» ብቻ አሉ። ከዚያ የአንሶላውን ክምር ታቅፈው ወደ ላውንደሪ ሄዱ። እኔም በአለቃዬ ትዕዛዝ ለእንግዳዋ የይቅርታ ኢሜይል ጻፍኩ።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ሴትየዋ ደንግጠዋል። ይቅርታው ለምንድን ነው ይላሉ። እነዚያ ሴቶች እኮ ግሩም ነበሩ፣ እኔ የጻፍኩት ስለ እነሱ መልካም ነገር ብቻ ነው ይላሉ።

ወዲያው ወደ ላውንደሪ ወረድኩ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በትክክል አላነበብኩትም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምንድን ነበር ያሉት?»

«አመስግነዋችኋል።»

እትዬ ትንሽ ዝም አሉ። «እሱማ በየቀኑ ቴንኪው ይሉን ነበር። የተጻፈው ምንድን ነው?»

መልስ አጣሁ። ትክክል ነበሩ። «ቴንኪው»ም ምስጋና ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ቃል ግን ሌላ ቃል ነው። ልዩነቱን እኔ አላውቀውም ነበር። ያ ጥያቄ ነው ቅዳሜ ዕለት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳሉት የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የወሰደኝ።

ሻጩ መጀመሪያ 900 ብር ጠራ። መጽሐፉን ከፈትኩና «ፕሬይዝ»ን ፈለግኩ። ቆሜ እስክጨርስ ምንም አላለኝም። «እህቴ፣ ሰው መዝገበ ቃላት ሲገዛ ሽፋኑን አይቶ ነው የሚሄደው። አንቺ ግን አንብበሽዋል» አለና 650 ላይ ተስማማን። ጀርባው በስኮች ተለጥፏል። «ኤስ» ላይ አንድ ገጽ ጎድሏል። ከዚያ በቀር ሙሉ ነው።

የመጽሐፉ ስም «ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪ» ነው። የእኔው ሰባተኛው እትም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው። ከ1,500 ገጽ በላይ አለው። አጀማመሩን ሳነብ ደስ አለኝ። አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ በ1924 እንግሊዝኛ ሊያስተምር ወደ ጃፓን ሄደ። ተማሪዎቹ የሚሳሳቱት የቃሉን ትርጉም ባለማወቅ ብቻ አልነበረም። ቃሉ ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚሄድ፣ ይቆጠር እንደሆነ አይቆጠር እንደሆነ፣ ግሡ ከኋላው ምን እንደሚያስከትል አያውቁም። መዝገበ ቃላት ደግሞ ይሄን አይነግራቸውም ነበር። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ለእነሱ የሚሆን አዘጋጀ። መጀመሪያ በ1942 ቶኪዮ ላይ ታተመ። ኦክስፎርድ በ1948 እንደገና አወጣው። ይሄ በእጄ ያለው የዚያ መጽሐፍ ልጅ ነው። የተጻፈው ለእንግሊዞች አይደለም። እንደ እኔ ቋንቋውን ከውጭ ሆኖ ለሚማር ሰው ነው። ሲያነቡት ያስታውቃል።

ወደ ቃሉ ልግባ።

የመጀመሪያው ትምህርት ፍቺው ነው። መጽሐፉ «ፕሬይዝ»ን የሚፈታው አንድን ሰው ወይም ነገር ማድነቅንና መልካም ሆኖ ማግኘትን በሚገልጽ ንግግር ነው። ስለ ውለታ አንዲት ቃል የለበትም። «ታንክ» ከውለታ ጋር ነው የሚሄደው። ሻይ አመጣህልኝ፣ አመሰግናለሁ። «ፕሬይዝ» ግን ለእኔ የተደረገ ነገር ባይኖርም ይሆናል። የጎረቤቴ ልጅ ጥሩ ውጤት አመጣ። እኔ ምንም አላተረፍኩም። ግን ሥራውን አይቼ መልካም ነው እላለሁ። ያ ነው «ፕሬይዝ»።

የእኛ «ምስጋና» ሁለቱንም ይዟል። ይሄን ያወቅኩት መዝገበ ቃላቱን ይዤ ቤት በገባሁበት ማታ ነው። የአባቴን መጽሐፍ ቅዱስ አወረድኩ። ከጎኑ አንድ እንግዳ ትቶት የሄደውን የድሮውን የኪንግ ጄምስ ትርጉም አደረግኩ። መዝሙር 136ን ከፈትኩ (በግዕዙ አቆጣጠር 135 ነው)። እንግሊዝኛው «ጊቭ ታንክስ» ይላል። አማርኛው «አመስግኑ»። ወደ መዝሙር 150 ሄድኩ። እንግሊዝኛው «ፕሬይዝ» ይላል። አማርኛው አሁንም «አመስግኑ»። በእንግሊዝኛው የመጨረሻው መዝሙር ውስጥ «ፕሬይዝ» ስንት ጊዜ እንዳለ በእርሳስ ቆጠርኩ። በስድስት ቁጥር ውስጥ 13 ጊዜ። የምናውቀው «ሃሌ ሉያ»ም በዕብራይስጥ ያው ነው፤ «ያህን አመስግኑ» ማለት ነው፣ በ«ፕሬይዝ» ትርጉሙ።

ስለዚህ የስልኬ መዝገበ ቃላት ውሸት አልነገረኝም። «ምስጋና» ትክክል ነው። ችግሩ የትኛው ምስጋና እንደሆነ አለመንገሩ ነው። አንድ ቃል ሰጥቶኝ ሄደ። የቀረውን ለእኔ ተወው።

እንግዶች «ተመስገን» የሚለው ስም ምን ማለት ነው ብለው ይጠይቁኛል። ድሮ «ታንክ ጎድ» እል ነበር። አሁን እሱም እንዳለ ሆኖ «ቢ ፕሬይዝድ» የሚለውን እጨምራለሁ። እናት ልጇን ተመስገን ስትል ስለተደረገላት ብቻ አይደለም። እግዚአብሔርን ራሱን ከፍ እያደረገችው ነው። «እንዴት አደርሽ?» ሲሉን «እግዚአብሔር ይመስገን» የምንለውም እንደዚያው ነው። ለማደራችን ታንክ አለበት። ለእሱ ማንነት ፕሬይዝ አለበት። አማርኛ ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ነው የሚያስቀምጠው። እኔ ይሄን እወደዋለሁ። ወደ እንግሊዝኛ ስሻገር ግን መፍታት አለብኝ።

በሌላ በኩል እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚያልፈውን እኛ እንከፋፍለዋለን። አያቴ በየቀኑ የምትደግመው ውዳሴ ማርያም ነው። ውዳሴ «ፕሬይዝ» ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ የጠረጴዛውን ሰው ሁሉ እየዞረ ሲያሞግስ፣ ያም «ፕሬይዝ» ነው። መምህር የተማሪውን ሥራ ሲያደንቅ «ፕሬይዝ» ነው። ቄሱ «ስብሐት ለእግዚአብሔር» ሲሉ «ፕሬይዝ» ነው። ፕሮቴስታንት የሥራ ባልደረባዬ እሑድ እሑድ የምትሄድበት «ፕሬይዝ ኤንድ ወርሺፕ» መጠሪያው ራሱ ነው። ውዳሴ፣ ሙገሳ፣ አድናቆት፣ ስብሐት። እነዚህን እያወቅን ለምን ሁልጊዜ «ምስጋና» ብቻ እንጽፋለን? የእንግሊዝኛ አማርኛ መተግበሪያ የምትሠሩ ልጆች ይሄን ካነበባችሁ እባካችሁ አራቱንም አስገቡልን። ከጎናቸውም አንዳንድ ዓረፍተ ነገር።

«አሞካሸ» የሚለውን ግን አልጨምረውም። እሱ ውስጥ ማጋነን አለ። ፊት ለፊት ደስ ለማሰኘት የሚባል ነገር ነው። ለእሱ እንግሊዝኛው «ፍላተር» የሚል ሌላ ቃል አለው። «ኮምፕሊመንት»ም አለ። ቀሚስሽ ያምራል ካሉኝ ያ ኮምፕሊመንት ነው። እንግዳ አቀባበልሽ ጥሩ ነው ብለው ለአለቃዬ ከነገሩት ፕሬይዝ ነው። ኮምፕሊመንት ትንሽ ነው፣ ለአፍታ ነው። ፕሬይዝ ክብደት አለው።

ሁለተኛው ትምህርት ቃሉ የማይቆጠር መሆኑ ነው። መጽሐፉ ከቃሉ ጎን በቅንፍ ትንሽ ምልክት አድርጎበታል። «አ ፕሬይዝ» አይባልም። «መኒ ፕሬይዝስ» ብዬ ለእንግዶች ስንት ኢሜይል ልኬያለሁ! «ብዙ ምስጋናዎች» ከሚለው በቀጥታ ያመጣሁት ነው። የሚባለው «አ ሎት ኦፍ ፕሬይዝ» ነው። እንደ ውሃ፣ እንደ ዱቄት ነው የሚታሰበው። ብዙ ቁጥር የሚሆነው በጥቂት ቦታ ነው። አንዱ የእግዚአብሔርን ምስጋና ሲዘምሩ ነው። ሌላው «ሲንግ ሂዝ ፕሬይዝስ» ሲባል ነው፤ ሰውየውን በሄዱበት ሁሉ ማወደስ ማለት ነው። ይሄ ምልክት ስልኬ ላይ በነበረው መዝገበ ቃላት የለም። እዚህ አለ። ለእኔ የ650 ብሩ ግማሽ የወጣው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት «ፎር» ናት። ግሡ ሲመጣ መጽሐፉ መንገዱን ያሳያል፤ አንድን ሰው ፕሬይዝ ታደርጋለህ፣ «ፎር» ትላለህ፣ ከዚያ ምክንያቱን ትናገራለህ። «አባውት» አይደለም። «ኦን» አይደለም። «ፎር» ናት። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ከ«ፎር» በኋላ ምን እንደሚገባ ካላወቅኩ ማድነቄ ባዶ ሆኖ ይቀራል። እንግዳዋ ደብተሩ ላይ ዝም ብለው ጥሩ ሴቶች ናቸው አላሉም። የአልጋው ልብስ አነጣጠፉን ጽፈዋል። መነጽራቸው ትራስ ሥር ጠፍቶ እንደተገኘላቸው ጽፈዋል። በየቀኑ የሚነበበው መጽሐፋቸው ገጹ ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ እንደቆያቸው ጽፈዋል። የመጨረሻውን ሳነብ ነው ልቤ የተነካው። እትዬ እንግሊዝኛ አያነቡም። ግን የተገለጠ መጽሐፍ አንስተው አቧራውን ጠርገው፣ እንደተገለጠ መልሰው አስቀምጠዋል።

ስለዚህች «ፎር» አንድ ነገር ልጨምር። ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጥናት አለ። የአምስተኛ ክፍል ልጆች ጥያቄ ይሠራሉ። ከዚያ አንዱን ቡድን ጎበዝና ብልህ በመሆኑ ያደንቁታል። ሌላውን በርትቶ በመሥራቱ ያደንቁታል። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ይሰጧቸዋል። ብልህ ናችሁ የተባሉት ከባዱ ጥያቄ ሲያቅታቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፣ ውጤታቸውም ወረደ። በርትታችኋል የተባሉት ግን ቀጠሉ። ሁለቱም ቡድን ፕሬይዝ ተደርጓል። ልዩነቱ ከ«ፎር» በኋላ የገባው ነው። እኔ ቤት አራተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ። «ጎበዝ!» ማለት ለምዶብኛል። አሁን ግን ከኋላው እጨምራለሁ። ማካፈሉን ሦስት ጊዜ ደጋግመሽ ስለሠራሽው ጎበዝ። ትንሽ ረዘመ፤ ግን ፊቷ ሲበራ አያለሁ።

አራተኛው «ናቲንግ በት» ነው። ይሄን «ፕሬይዝ» ሥር አልፈለግኩትም። «ናቲንግ» ሥር ሄድኩ። እዚያ ራሱን ችሎ ተቀምጧል። «ብቻ» ማለት ነው ይላል። «ከእሱ በቀር ምንም» ማለት ነው። እዚህ ላይ «በት» «ግን» አይደለም። «በቀር» ነው። ስልኬ ላይ ያለው ቃል በቃል ስለሚፈታ ይሄን ሊነግረኝ አይችልም ነበር። እኔ ግን ቃል በቃል የተሠራን ነገር ይዤ ሰው ላይ ፈረድኩ።

የቃሉን የትውልድ ሐረግ ያገኘሁት ከሌላ ቦታ ነው፣ ግን እዚህ ካልነገርኳችሁ ይቆጨኛል። «ፕሬይዝ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ነው። የፈረንሳይኛው ከላቲን «ፕሬቲየም» የመጣ ነው። «ፕሬቲየም» ዋጋ ማለት ነው። «ፕራይስ» የሚለው የዕቃ ዋጋ፣ «ፕራይዝ» የሚለው ሽልማት፣ «ፕሬሸስ» የሚለው ውድ፣ «አፕሪሺዬት» የሚለውም ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በየዓመቱ መሥሪያ ቤት የምንፈራው ግምገማ፣ «አፕሬይዛል» የሚባለው፣ እሱም ወንድማቸው ነው። ሥራህ ስንት ያወጣል ብሎ መተመን ነው።

ይሄን ለእትዬ ስነግራቸው አንሶላ እያጠፍን ነበር። ሁለት ጫፍ እሳቸው፣ ሁለት ጫፍ እኔ ይዘናል። «እንግዲያው ሥራችንን ዋጋ ሰጡት ማለት ነዋ» አሉ። አዎ አልኳቸው። መዝገበ ቃላቴ በስንት መስመር ያስረዳኝን እሳቸው በስድስት ቃል ጨረሱት።

አነባበቡን እዚሁ ላንሳ። መጨረሻው «ዝ» ነው፣ «ስ» አይደለም። «ፕሬይስ» ስንል ፈረንጁ «ፕራይስ» ያልን መስሎት ስለ ዋጋ የሚያወራን አለ። ደርሶብኛል። «ይጸልያል» የሚለው «ፕሬይዝ» ደግሞ ድምፁ ፍጹም አንድ ነው። የሚለየው ጽሕፈቱ ብቻ ነው። ጸሎቱ በ«ዋይ» ነው። ውዳሴው በ«አይ» ነው። የእኔ እትም አነባበቡን በምልክት ጽፎታል፣ ምልክቱን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ኢንተርኔት ላለው ሰው የዚሁ መዝገበ ቃላት ገጽ በነፃ አለ፤ ድምፁን በሰው አፍ ያሰማል።

ድክመቱንም ልናገር። ይከብዳል። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው መሄድ አልቻልኩም፣ ሪሴፕሽን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው። ፊደሉ ደቃቅ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ አይሆናችሁም፣ ፍቺውን ራሱን ለመረዳት እንግሊዝኛ ይፈልጋል። ተፈልጎ የሚገኝ ነገርም አንዳንዴ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። «ዳም ዊዝ ፌይንት ፕሬይዝ» የሚል አባባል አለ፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ግጥም የመጣ ነው። በደከመ አድናቆት ማጣጣል ማለት ነው። እሱን «ዳም» ሥር ነው ያገኘሁት። ለሆቴል ሠራተኛ ግን በጣም አስፈላጊ አባባል ነው። እንግዳ ሦስት ሌሊት አድሮ «ፎጣዎቹ ንጹሕ ነበሩ» ብቻ ብሎ ከሄደ ደስ ሊለኝ አይገባም። አልወደደንም ማለት ነው። ደብተሩን እንደዚህ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ሙቅ ውሃውን አሠርተናል።

አንድ ነገር ደግሞ የትኛውም መዝገበ ቃላት ላይ አላገኘሁም፤ ከእሱም አልጠብቅም። እኛ ስናደንቅ እንመርቃለን። የሠራተኞች ምሳ ላይ ሽሮው ሲጥማቸው እትዬ ለምግብ ሠሪያችን «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ይሏታል። አንድ እንግዳ ሰምቶ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ቃል በቃል ነገርኩት። ገረመው። ይሄ ፕሬይዝ ነው ወይስ ጸሎት ነው አለኝ። ሁለቱም ነው አልኩት። እንግሊዝኛው ስለተሠራው ሥራ ይናገራል። ጥሩ አድርገሽ ሠርተሻል ይላል። የእኛ ስለ እጁ ነው። ነገም እንዲሠራ ነው። «እጅሽ ይባረክ» ስንል ወጡን አላነሳንም፣ ግን ወጡ ጣፋጭ እንደነበር ሁሉም ገብቶታል። አሁን ለእንግዶች ስተረጉም ሁለቱንም እላለሁ። መጀመሪያ ምን እንዳሉ፣ ከዚያ ምን ማለታቸው እንደሆነ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን አንድም እንግዳ ሲሰለች አላየሁም።

የስልኩንም መዝገበ ቃላት አላጠፋሁትም። ፈጣን ነው፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፣ ስለ ቧንቧና ስለ ሶኬት ለሚጠይቀኝ እንግዳ በደንብ ይበቃኛል። ሰው ስለ ሰው የጻፈውን ግን በእሱ አላነብም። ያኔ መሳቢያዬን እከፍታለሁ።

እንግሊዝኛ በመጠኑ የምታነቡ፣ ከፈረንጅ ጋር የምትሠሩ፣ ልጆች የምታስጠኑ ከሆነ ይሄን መጽሐፍ ፈልጉት። አዲሱ እትም ካቃታችሁ አሮጌው ይሆናችኋል፤ «ፕሬይዝ» ከ2005 ወዲህ አልተለወጠም። ከመግዛታችሁ በፊት ገጾቹ መሟላታቸውን እዩ። እኔ «ኤስ» ላይ የጎደለችው አንድ ገጽ እስካሁን ትቆጨኛለች።

የእንግዳዋን መስመር በመጨረሻ እንደዚህ ተረጎምኩት፦ «ክፍሌን ያጸዱልኝን ሴቶች ከማድነቅ በቀር ስለ እነሱ የምለው ነገር የለኝም።» በትልልቁ ጽፌ፣ የመነጽሩንና የመጽሐፉንም ነገር ከሥሩ አስፍሬ፣ ላውንደሪው በር ላይ ለጠፍኩት። አለቃችንም ቆሞ አነበበው። ያኔ ሰው ፊት እንደተናገራቸው፣ አሁንም ሰው ፊት እትዬን ይቅርታ ጠየቃቸው። እትዬ ማታ ሲወጡ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አድርጌ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሁለት ኮፒ ነው የፈለጉት። አንዱ ለራሳቸው፣ አንዱ አብራቸው ያንን ክፍል ታጸዳ ለነበረችውና አሁን ሌላ ቦታ ለምትሠራው ልጅ።